ሥራን ለሠሪው፦ «እድሳት» እየተባለ የሚፈጸመው ፍቀት

«አደስኩት» የሚል ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ወደ ማን ሥራ መለስከው?

በአሜሪካ የድሮ ሞዴል መኪና ሰብሳቢዎች ዘንድ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። ከስልሳ ዓመት በፊት አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ ስቱኮ ሞልቶና ቀለም ቀብቶ የሠራት ስንዝር የምታህል የፕላስቲክ መኪና ለጨረታ ትቀርባለች። ገዢዋ ቤቱ እንደገባ የፍሬን ዘይት በሞላ ዕቃ ውስጥ ይነክራታል። ሲነጋ ቀለሙ ተልጦ ከሥር ይዘቅጣል። የቀረው በጥርስ ብሩሽ ይታሻል፣ ስቱኮው ይፋቃል፣ ልጁ ሆን ብሎ የደፈነው የበር እጀታ እንደ አዲስ ይቀረጻል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣች የምትመስል፣ የምታብረቀርቅ መኪና ፎቶዋ ይለጠፋል። ከፎቶው ሥር «ግሩም እድሳት» የሚል ምስጋና ይዥጎደጎዳል።

ይህ እድሳት አይደለም፤ ፍቀት ነው። የተፋቀውም ቀለም ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሰው ሥራ ነው።

«የመጫወቻ ነገር ነው፣ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ይኖራል። የሚያስጨንቀው ፕላስቲኩ አይደለም። የሚያስጨንቀው ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው ፍርድ ነው፦ የፋብሪካ ምርት «ኦሪጅናል» ነው፣ ስሙ ያልታወቀ ልጅ በላዩ ላይ የጨመረው ደግሞ ቆሻሻ ነው የሚለው ፍርድ። ይህ ፍርድ ከሞዴል መኪና ሰብሳቢዎች ጓዳ ብቻ የሚገኝ አይደለም። እዚያ ግን ራቁቱን ይታያል።

ካርቶኑ ውስጥ ምን ነበር?

ለመፍረድ መጀመሪያ ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤ.ኤም.ቲ. የተባለው የሚቺጋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲመሠረት ሥራው ለመኪና ሻጮች ማስተዋወቂያ የሚሆኑ ትንንሽ ሞዴሎችን ማምረት ነበር። የዲትሮይት ፋብሪካዎች በየዓመቱ አዲስ መኪና ሲያወጡ የዚያው መኪና ትንሽ ግልባጭ፣ የፋብሪካውን ቀለም ለብሶ፣ በሻጩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1958 ኩባንያው ሞዴሉን ሳይገጣጠም በካርቶን ከትቶ መሸጥ ጀመረ። መጠኑ ከእውነተኛው መኪና ሃያ አምስት ጊዜ ያንሳል፤ አምስት ሜትር የምትረዝም መኪና ሃያ ሳንቲ ሜትር ትሆናለች ማለት ነው። ዋጋው ሁለት ዶላር አይሞላም ነበር። ሣር አጭዶ ወይም ጋዜጣ አድሎ ሳንቲም የሚያገኝ ልጅ አቅሙ ይደርስበታል።

የካርቶኑ ትልቁ ነገር ግን ዋጋው አልነበረም። «ሦስት በአንድ» የሚለው ስያሜው ነበር። ከአንድ ካርቶን ውስጥ ልጁ መኪናዋን ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ወይም ለእሽቅድምድም እንደተዘጋጀች፣ ወይም «ከስተም» አድርጎ መሥራት ይችላል። ለሦስቱም የሚሆን ዕቃ አብሮ ገብቷል። ከስተም የሚባለው ባለቤቱ እንዳሻው የለወጣት መኪና ናት፦ ጣሪያዋ ተቆርጦ ዝቅ የተደረገ፣ የፋብሪካ ምልክቷና የበር እጀታዋ ተነቅሎ ቀዳዳው በስቱኮ የተደፈነ፣ መብራቷ ከሌላ መኪና የተወሰደ፣ በብርማ ቀለም ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ወይም ሰማያዊ ተደርቦባት ተልሶ የወጣ ከረሜላ የምትመስል መኪና።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ኩባንያው ለልጁ የሸጠለት አንድ የተጠናቀቀ መልክ አይደለም። የሸጠለት ምርጫ ነው። ካርቶኑ ራሱ «ለውጣት» እያለ ነው የተሸጠው። እንግዲህ ከሦስቱ መንገዶች አንዱን የመረጠ፣ ከዚያም አልፎ አራተኛ መንገድ የፈጠረ ልጅ ሥራውን «አበላሸ» የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው? በዚህ ካርቶን ውስጥ «ኦሪጅናል መልክ» የሚባል ነገር መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ልጁ ምን ሠራ?

ልጁ ከባዶ አልተነሣም። በዚያን ዘመን በካሊፎርኒያ ጆርጅ ባሪስና ወንድሙ ሳም ከፋብሪካ የወጣ መኪና ተቀብለው እየቆረጡ ሌላ ፍጥረት አድርገው ይመልሱ ነበር። ኤድ «ቢግ ዳዲ» ሮት ደግሞ ከፋይበር ግላስ የራሱን መኪኖች ይቀርጽ ነበር። የባሪስ ጋራዥ የሠራት «አላ ካርት» የኤ.ኤም.ቲ. ተገጣጣሚ ሞዴል ሆና ወጣች፤ የሮትን መኪኖች ሬቨል የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አሳተማቸው። ቶም ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢስኳየር መጽሔት ስለ እነዚህ ሰዎች ሲጽፍ የመኪና ባትላሜራ አድርጎ አላያቸውም፤ እንደ ሠዓሊና ቀራጭ ቆጥሯቸው ነው የጻፈው።

ልጁ እነዚህን መኪኖች በመጽሔት አያቸው። መንጃ ፈቃድ የለውም፣ ብየዳ አያውቅም፣ የሚቆርጠው መኪናም የለውም። ስለዚህ በእጁ ያለውን ቆረጠ። መጋዙ ምላጭ ወይም በእሳት የጋለ ቢላ ነው። የሞተሩ የካንዴላ ገመድ ከእናቱ የስፌት ክር የተቆረጠ ነው። ከአንዱ ካርቶን የተረፈ ፓራውልት ለሌላው መኪና ፍርግርግ ሆኖለታል። ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ወርዶ እንባ ሠርቷል፤ በመስታወቱ ላይ በማጣበቂያ የተነከረ የጣት አሻራ ቀርቷል። ጣሪያው ሲቆረጥ ግራው ከቀኙ በአንድ ሚሊ ሜትር ተበላልጧል።

ይህ ሁሉ ስሕተት ነው? አዎ፣ ብዙው ስሕተት ነው። ግን እያንዳንዱ ስሕተት አንድ ነገር ይናገራል። የተበላለጠው ጣሪያ ልጁ ያለ መለኪያ በዓይኑ እንደቆረጠ ይናገራል። ሦስት ጊዜ የተደራረበው ቀለም ሐሳቡን ሁለት ጊዜ እንደቀየረ ይናገራል። የጣት አሻራው የማንን ጣት እንደሆነ መናገር አያስፈልገውም።

ጄኔራል ሞተርስ ራሱ የልጆችን ሞዴል እንደ ቀልድ አላየውም። ከ1930 እስከ 1968 «የፊሸር ቦዲ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር» በሚል ስም ወጣቶች ሞዴል እየሠሩ የሚወዳደሩበትና ለኮሌጅ ትምህርት ገንዘብ የሚሸለሙበት መድረክ አቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1947 ያሸነፈው ቸክ ጆርዳን በኋላ የዚያው የጄኔራል ሞተርስ የንድፍ ክፍል የበላይ ኃላፊ ሆኗል። እርግጥ የማኅበሩ ሞዴሎች ከካርቶን የወጡ ሳይሆኑ ከእንጨትና ከመሳሰለው ከባዶ የተሠሩ ነበሩ። ሆኖም አንድ ነገር ያስረዳሉ፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እጅ ላይ የወደፊት መኪና ሊታይ ይችላል። ካርቶኑን የገዛው ልጅ ያን ሽልማት አልደረሰበትም ይሆናል፤ ዓይኑ ግን ወደዚያው ነበር የሚያየው።

ሦስት ዓይነት ሰዎች

ዛሬ የድሮ ከስተም ሞዴል የሚገዙ ሰዎች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ፋቂው ነው። ሞዴሏን የሚገዛት ለፕላስቲኳ ነው። ልጁ የሠራውን ሁሉ አጥቦ በፋብሪካ መልክ ያወጣታል።

ሁለተኛው አሳማሪው ነው። ይህ ሰው ልጁን እንደሚያከብር ይናገራል። ከስተምነቷን አይነካም፤ የተቆረጠው ጣሪያ ተቆርጦ ይቀራል። ነገር ግን ቀለሙን ልጦ፣ የተበላለጠውን ጣሪያ አስተካክሎ፣ ያንኑ ቀይ ቀለም ዛሬ ባለው መርጫ እንደ መስታወት አድርጎ ይቀባዋል። «ልጁ ችሎ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» ይላል።

ሦስተኛው ጠጋኙ ነው። የወደቀውን ጎማ ይመልሳል፣ የተላቀቀውን ያጣብቃል፣ አቧራውን ያነሣል፣ የጠፋውን ክፍል ይተካል። የቀረውን እንዳለ ይተወዋል። ሞዴሏ ከእጁ ስትወጣ ያረጀች ሆና፣ ግን ሙሉ ሆና ነው። በዩታ ክፍለ ግዛት የሞዴል መኪና ሠሪዎችን ሥራ ለማቆየት የተቋቋመ ሙዚየም አለ፤ በየከተማውም እንዲህ ያሉ ጠጋኞች አሉ። ቁጥራቸው ግን ከፋቂዎቹና ከአሳማሪዎቹ ጋር አይወዳደርም።

የፋቂው በደል ግልጽ ነው። የአሳማሪው ግን ረቂቅ ስለሆነ ይበልጥ ያሳስባል። «ልጁ ቢችል ኖሮ» የሚለው አባባል አክብሮት ይመስላል፤ ውስጡ ሲፈተሽ ግን ልጁን በአሳማሪው መተካት ነው። ልጁ የቻለውን ሠርቷል። የቻለውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ያልቻለውን ጨምሮለት በስሙ ማቅረብ፣ የአንድን ሰው ደብዳቤ ፊደሉን አርሞ፣ ዓረፍተ ነገሩን አቃንቶ፣ የእጅ ጽሕፈቱን አሳምሮ ከገለበጡ በኋላ የመጀመሪያውን ማቃጠል ነው። ቃሉ ቀርቶ ይሆናል፤ ሰውየው ግን ሄዷል።

ትልቋ መኪና ስትሆንስ?

ፋቂዎች የማይመልሱት አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1952 የባሪስ ጋራዥ ለቦብ ሂሮሃታ አንዲት የ1951 መርኩሪ ለወጠለት። ጣሪያዋ ተቆረጠ፣ ጎኗ ተቀረጸ፣ በሁለት ዓይነት አረንጓዴ ተቀባች። መኪናዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ከርማ በአንድ ወጣት እጅ ገባች፤ የገዛትም በ500 ዶላር ነበር። ያ ሰው ለአሥርት ዓመታት አቆይቶ በመጨረሻ ሲያድሳት የመለሳት ወደ የት ነው? ወደ ፎርድ ኩባንያ ፋብሪካ መልክ? አይደለም። ወደ ባሪስ ጋራዥ መልኳ ነው። በጃንዋሪ 2022 ፍሎሪዳ ውስጥ በተደረገ ጨረታ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች።

አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህችን መርኩሪ ጣሪያዋን መልሼ ቀጥዬ እንደ ፋብሪካዋ ላድርጋት» ቢል የመኪና ዓለም በአንድ ድምፅ ይጮህበታል። ታዋቂው የፔብል ቢች የመኪና ትርኢት እንኳ፣ ለውድ የአውሮፓ መኪኖች የተሠራ የሚመስለው መድረክ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣቶች ጋራዥ ለተለወጡ መኪኖች ምድብ ከፍቷል። እዚያው ትርኢት ላይ ምንም ሳይታደሱ እንዳረጁ ለቀሩ መኪኖችም ምድብ አለ። ትልልቆቹ መኪኖች ዘንድ ክርክሩ አልቋል፦ የለወጠው ሰው እጅ የታሪኩ አካል ነው።

ታዲያ ያው ሰብሳቢ ወደ ሃያ ሳንቲ ሜትሯ መኪና ሲመጣ ሕጉ ለምን ይገለበጣል? መልሱ አንድ ብቻ ነው። የትልቋን መኪና የለወጠው ባሪስ ስም አለው። የትንሿን የለወጠው ልጅ ስም የለውም።

ገበያውም ይህንኑ ያጠናክራል። ካርቶኑ ያልተከፈተ ሞዴል ከተገጣጠመው እጅግ ይበልጣል። የሰው እጅ ባልነካው ቁጥር ዋጋው ይጨምራል ማለት ነው። እንዲሠራበት የተመረተ ዕቃ ስላልተሠራበት ይከበራል፤ የተሠራበት ደግሞ ያልተሠራበት እንዲመስል ይፋቃል። ከዚህ የበለጠ የተገለበጠ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ፋቂዎች ምን ይላሉ?

መከራከሪያቸው ባዶ አይደለምና በተራ መታየት ይገባዋል።

«ንብረቴ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ማንም በሕግ ሊከለክላቸው አይችልም፣ መከልከልም የለበትም። ነገር ግን መብት አለኝ ማለትና ልክ ነኝ ማለት ሁለት ነገር ነው። የአያቱን ደብዳቤዎች የሚያቃጥል ሰውም ንብረቱን ነው ያቃጠለው።

«ሥራው መጥፎ ነው» ይላሉ። በማጣበቂያ የተጨማለቀ ሞዴል በእነሱ ቋንቋ «የሙጫ ቦምብ» ይባላል። በእርግጥ ብዙ እንዲህ ያለ አለ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያለ ሐሳብ የተለጣጠፈ፣ ምንም ያልተለወጠ፣ ከዚያም በርችት የፈነዳ ሞዴል ሁሉ ቅርስ ነው የሚል የለም። ከእሱ ዕቃ ነቅሎ ሌላውን መጠገን ነውር የለውም። ክርክሩ ግን ስለ እነዚህ አይደለም። አንድ ልጅ አስቦ፣ ቆርጦ፣ ቀርጾ ወደ ፍጻሜ ስላደረሳቸው ነው። እነዚህን ከእነዚያ ለመለየት አምስት ደቂቃ አስተውሎ ማየት ይበቃል። ችግሩ የፍሬን ዘይቱ ከአምስቱ ደቂቃ መቅደሙ ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉም ይጠነክራል። ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ሞልድ ውድ ስለነበር ኩባንያዎቹ በየዓመቱ አዲስ አይሠሩም ነበር፤ ዲትሮይት የመኪናውን ፊትና ኋላ ስትቀይር እነሱም ያንኑ ሞልድ ይቀይሩታል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ሞዴል አንዴ ካለፈ ሞልዱ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተለውጧል፤ እንደገና ልታተም ቢባል አይቻልም። «የዚያን ዓመት መኪና በፋብሪካ መልኳ ለማግኘት ያለው መንገድ የልጁን ከስተም ማጠብ ብቻ ነው» ይላሉ።

ይህ ከአርባ ዓመት በፊት ቢባል ሚዛን ይደፋ ነበር። ዛሬ ግን በሲሊኮን ጎማ ቅርጽ አንሥቶ በሬዚን መገልበጥ የጓዳ ሥራ ሆኗል። በኮምፒዩተር ቃኝቶ በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ማውጣትም ይቻላል። ቢያንስ ከአንድ ካልተለወጠ ቦዲ ብዙ ግልባጭ ይወጣል። የፋብሪካውን መልክ የሚፈልግ ሰው ግልባጩን ይቀባ። የፋብሪካ ምርት ጠባዩ ብዙ መሆን ነው፤ ሲሠራም በሺህ ነው የተሠራው፣ ዛሬም ሊበዛ ይችላል። የልጁ መኪና ግን ከመጀመሪያው አንዲት ናት። ሊባዛ የሚችለውን ለማግኘት ሊባዛ የማይችለውን ማጥፋት በየትኛው ሒሳብ ትርፍ ይሆናል?

«ካልታደሰች ትፈርሳለች» የሚሉም አሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የድሮው ለስላሳ ጎማ ፕላስቲኩን ተጠግቶ ለዓመታት ሲቀመጥ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ስቱኮ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። የጥንቶቹ ማስተዋወቂያ ሞዴሎች የተሠሩበት አሲቴት የተባለ ፕላስቲክ በራሱ ጊዜ ይጣመማል። ስለዚህ ዝም ብሎ መተው መፍትሔ አይደለም። ይህ ግን ለጠጋኙ የሚቆም ክርክር እንጂ ለፋቂው አይደለም። ቤት ያፈሰሰበት ሰው ጣሪያውን ይደፍናል እንጂ ቤቱን አፍርሶ የጎረቤቱን ቤት አያስመስልም።

የጥገና ሕግ ከተጻፈ ቆይቷል

እ.ኤ.አ. በ1964፣ ልጆቹ እነዚህን መኪኖች በሚቀቡበት በዚያው ዘመን፣ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ የቅርስ ባለሙያዎች በቬኒስ ከተማ አንድ ቻርተር አወጡ። ስለ ሕንፃዎችና ስለ ሐውልቶች የተጻፈ ነው፤ ስለ ፕላስቲክ መኪና ያሰበ በመካከላቸው አልነበረም። ሐሳቡ ግን ለዚህም ልክክ ይላል። እድሳት ግምት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ይቆማል። በየዘመኑ የተጨመረው ሁሉ ዋጋ ካለው ይከበራል፤ አንድ መልክ ብቻ ለማውጣት ሲባል ሌላው አይፋቅም። የጠፋ ክፍል ሲተካ ከአጠቃላዩ ጋር ይስማማል፣ ግን ሲመረመር ከነባሩ ይለያል፤ ተመልካችን አያታልልም።

ይህ ወደ ሃያ ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ምን ይመስላል? ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሞዴሏ ከስድስቱም አቅጣጫ ፎቶ ትነሣለች፤ ሥሯም ጭምር፤ ልጁ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን የጻፈው ከሻንሲው ሥር ሊሆን ይችላልና። አቧራው ለብ ባለ ውኃና በጥጥ፣ የማይታይ ቦታ ላይ ከተሞከረ በኋላ ይነሣል። የተላቀቀው ክፍል ፕላስቲኩን በሚያቀልጥ ማጣበቂያ ሳይሆን ነገ በውኃ ሊለቀቅ በሚችል ነጭ ኮላ ይያዛል። ጎማዎቹ ፕላስቲኩን እንዳይበሉ መለያ ይደረግላቸዋል። የጠፋ ቸርኬ ከሌላው ቸርኬ ተገልብጦ ይተካል፤ ከኋላውም «የተተካ» የሚል ምልክትና ዓመቱ ይጻፍበታል። የተነቀለ ነገር ካለ በትንሽ ከረጢት ሆኖ አብሯት ይቀመጣል። ልጁ ያልጨረሰው ነገር ካለ ሳይጨረስ ይቀራል፤ ሊያደርግ ያሰበውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነውና።

አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ገንዘብ አይደለም፣ ትሕትና ነው። ጠጋኙ ሲጨርስ «ይህን እኔ ሠራሁ» የሚልበት ነገር የለውም። ምናልባትም ብዙዎች የማይመርጡት ለዚህ ይሆናል፤ የፋቂው ፎቶ ብዙ ምስጋና ያገኛል፣ የጠጋኙ ፎቶ ግን አሮጌ መኪና ነው።

የተፋቀ ስም

የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሰው ይህን ጉዳይ ያውቀዋል። በብዙ መጻሕፍት ላይ ያስጻፈው ወይም የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ፣ በቦታው የሌላ ሰው ስም ገብቶ ይገኛል። የፋቀው ሰው በዚያን ሰዓት ባለ ንብረት ነበር፤ መጽሐፉንም አልጎዳሁም ብሎ አስቦ ይሆናል፤ ንባቡ እንዳለ ነውና። ዛሬ ግን ተመራማሪዎች ያንን የተፋቀ ቦታ በብርሃን እያዩ አንዲት ፊደል ለመልቀም ይደክማሉ። ንባቡ በሌላ ቅጂም ይገኛል፤ ስሙ ግን እዚያች ብራና ላይ ብቻ ነበር።

ሌላም አለ። በኢትዮጵያ ልጆች ከሽቦ፣ ከቆርቆሮ፣ ከቆርኪና ካረጀ ነጠላ ጫማ መኪና ሲሠሩ ኖረዋል። ረጅም ሽቦ ከላይ መሪ ሆኖላት በየመንገዱ የምትነዳ መኪና። የሠሯት ልጆች አንዳንዶቹ የአይሱዙን ፊት ከላንድሮቨር ይለዩ ነበር። ከእነዚያ መኪኖች አብዛኞቹ የሉም። ሽቦው ለሌላ ጉዳይ ተፈትቷል፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ማንም ይቀመጥ አላለም። ይህ የድህነትና የቸልታ ጥፋት ነው፤ ያሳዝናል፣ ግን ይገባል። የአሜሪካው ልጅ መኪና ግን ተርፋለች። ፕላስቲክ በመሆኗ፣ በጫማ ካርቶን ተጠቅልላ ጣሪያ ሥር በመቀመጧ፣ ስልሳ ዓመት አልፋ እዚህ ደርሳለች። ከዚያ በኋላ በአፍቃሪዎቿ እጅ መፋቅ የድህነት ጥፋት አይደለም። የጥጋብ ነው።

ጊዜው አጭር ነው

እ.ኤ.አ. በ1962 የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከሰባ አምስት ዓመት አልፏል። ካርቶኖቹ ከየጣሪያው ሥር እየወረዱ ያሉት አሁን ነው። ባለቤቶቹ ወደ አነስተኛ ቤት ሲዛወሩ ወይም ሲሞቱ፣ ልጆቻቸው የማያውቁትን ዕቃ በጅምላ ይሸጡታል። ማን ሠራት፣ መቼ፣ ለምን ይህን ቀለም መረጠ የሚለውን የሚመልስ ሰው ብዙ ጊዜ በሕይወት አለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አይኖርም። ሻጩን «ይህን የሠራው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከሞዴሏ ሥር ማስቀመጥም እንዲሁ።

የውድድርና የትርኢት አዘጋጆችም የሚያደርጉት አለ። በቀድሞ ሠሪ የተሠሩ፣ ተጠግነው የቀረቡ ሞዴሎች የራሳቸው ምድብ ይኑራቸው፤ ዳኛውም የሚመዝነው የጠጋኙን ብሩሽ ሳይሆን የጠጋኙን ቁጥብነት ይሁን። የታጠበች ሞዴል ስትቀርብ ደግሞ «እድሳት» የሚለውን ቃል አትልበስ። «እንደገና የተሠራች» ይበቃታል። ቃሉ ራሱ ሲስተካከል ግማሹ ክርክር ይስተካከላል።

አባቶች «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው» ይላሉ። አባባሉ የተለመደው ሥራውን ለሚያውቅበት ተውለት ለማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ቃል በቃል ይሠራል። መኪናዋ የዲትሮይት አይደለችም፣ የካርቶን አሳታሚው አይደለችም፣ በጨረታ የገዛትም ሰው አይደለችም። ጣሪያዋን በጋለ ቢላ የቆረጠው ልጅ ናት። ገንዘብ የከፈለው ሰው ሊያቆያት እንጂ ሊፋቃት አልተሰጠችውም።